የባስ ክሎክን በጊዜው መክፈትና መዝጋት፦ የሐዋሳ ሐይቅን የውሃ ከፍታ ለሚለካ መሣሪያ የሚሆን የድራይቨር አሠራር

ማይክሮኮንትሮለር ውስጥ ያሉት ተጓዳኝ ክፍሎች፣ እነ ዩአርት፣ አይቱሲ፣ ኤዲሲና ታይመር፣ የሚንቀሳቀሱት ከባሱ በሚደርሳቸው ክሎክ ነው። ክሎክ ማለት በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ምት ነው። ምቱ በደረሰ ቁጥር በክፍሉ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን መስመሮች ቻርጅ ይሞላሉ፣ መልሰውም ያፈስሳሉ፤ ክፍሉ የሚልከው መረጃ ኖረውም አልኖረው ይህ አይቋረጥም። በዚህ መንገድ የሚያልቀው ኃይል የምቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እጥፍ ይሆናል፤ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ደግሞ አራት እጥፍ። ሥራ የሌለው ክፍል ክሎኩ ሲዘጋበት ይህ ፍጆታ ወዲያው ይቆማል። በሬጅስተሮቹ ውስጥ የተጻፈው ግን አይጠፋም፤ ክሎኩ ሲመለስ ክፍሉ ካቆመበት ይቀጥላል።

የቁጠባው መጠን ከቺፑ አምራች ሰነድ ይነበባል። «ብሉ ፒል» በሚባለው ርካሽ ሰሌዳ ላይ የሚገኘው ኤስቲኤም32ኤፍ103 ቺፕ በ72 ሜጋ ኸርዝ ሲሠራ፣ ሁሉም ክፍሎች ክሎክ ካገኙ 36 ሚሊ አምፔር ገደማ፣ ሁሉም ከተዘጋባቸው 27 ሚሊ አምፔር ገደማ ይስባል። ፕሮሰሰሩ ብቻ ተኝቶ ባሶቹ ነቅተው ሲቆዩ ቁጥሮቹ 14.4 እና 5.5 ይሆናሉ። በሁለቱም ሁኔታ የክሎኮቹ ድርሻ 9 ሚሊ አምፔር አካባቢ ነው። ፕሮሰሰሩ በተኛበት ሰዓት ግን ይህ 9 ሚሊ አምፔር ከጠቅላላው ፍጆታ ከግማሽ በላይ ነው፤ ማንም ያልጠየቀውና ለማንም የማይጠቅም ወጪ ነው።

ይህ ወጪ የሚከብደው መሣሪያው ከመብራት መስመር ርቆ ሲቆም ነው። ሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፤ የገባው ውሃ በአብዛኛው የሚሄደው በትነት ነው። ዝናብ የበረታባቸው ዓመታት ሲደራረቡ ሐይቁ ይሞላና ወደ ከተማዋ ይገፋል፤ በከተማዋ በኩል ባለው ዳርቻ የጎርፍ መከላከያ የተሠራውም ለዚህ ነው። የውሃውን ከፍታ ሳያቋርጥ የሚመዘግብ መለኪያ እንዲህ ላለ ሐይቅ እጅግ አስፈላጊ ነው። በዳርቻው ምሰሶ ላይ የሚሰቀል መለኪያ ግን ያለው ኃይል አንድ ባትሪና አንድ ትንሽ ሶላር ፓኔል ነው። በክረምት ደመናው ለቀናት ሊቆይ ይችላል። አባ ኮዳዎች ከፍ ያለ ቦታ አግኝተው ሲያርፉ ፓኔሉን በኩስ ሊሸፍኑት ይችላሉ። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በጨለማ ስለሆነ ባትሪ ለመቀየር ማታ ወደ ዳርቻው መውረድ አደጋ አለው። ድራይቨሩ በጥንቃቄ ከተጻፈ ሰው ወደዚያ የሚላክበት ቀን ይቀንሳል።

ቀጥለው ያሉት ደረጃዎች እንዲህ ያለ መለኪያን እንደ ምሳሌ ይዘው ይሄዳሉ። ከውሃው በላይ የተሰቀለ የአልትራሳውንድ ሴንሰር ርቀቱን በመጀመሪያው ዩአርት ይልካል። የሞባይል ሞደም ሁለተኛው ዩአርት ላይ ነው። የአየሩን ሙቀት የሚለካ ሴንሰር በአይቱሲ ተገናኝቷል። የባትሪው ቮልቴጅ በኤዲሲ ይነበባል። የሙቀት ሴንሰሩ ለጌጥ የገባ አይደለም፦ የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር ሲሆን በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። በማለዳና በቀትር መካከል የ10 ዲግሪ ልዩነት ካለና ሳይታረም ከቀረ፣ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ስህተት ይፈጥራል።

የክሎክ ካርታ

ሥራው የሚጀምረው ካርታ በማውጣት ነው። ከቺፑ ማመሳከሪያ ሰነድ እያንዳንዱ ክፍል የትኛው ባስ ላይ እንደተቀመጠ ተለቅሞ በአንድ ገጽ ይጻፋል። በኤስቲኤም32ኤፍ103 ላይ ኤኤችቢ የሚባለው ዋናው ባስ ዲኤምኤንና ሚሞሪን ይይዛል። ኤፒቢ2 እስከ 72 ሜጋ ኸርዝ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ዩአርት፣ ኤዲሲውና የጂፒአይኦ ፖርቶች እዚያ ናቸው። ኤፒቢ1 ከ36 ሜጋ ኸርዝ አያልፍም፤ ሁለተኛው ዩአርት፣ አይቱሲዎቹና የባክአፕ ክፍሉ መግቢያ እዚያ ናቸው። አርሲሲ በተባለው የክሎክ መቆጣጠሪያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቢት አለ፤ 1 ሲጻፍበት ክሎኩ ይከፈታል፣ 0 ሲጻፍበት ይዘጋል።

ካርታው ላይ ክፍሎቹ ብቻ ሳይሆኑ ፒኖቹም መግባት አለባቸው። የመጀመሪያው ዩአርት ፒኤ9 እና ፒኤ10ን ይጠቀማል፣ ሁለተኛው ፒኤ2 እና ፒኤ3ን። የባትሪውን ቮልቴጅ የሚያነበው ፒንና የሞደሙን ማብሪያ የሚጫነው ፒንም በፖርት ኤ ላይ ከተቀመጡ፣ የፖርት ኤ ክሎክ የአንድ ድራይቨር ንብረት መሆኑ ያበቃል። ጥያቄው ሁሉ የሚነሳው እንዲህ ካለው የጋራ ክሎክ ነው።

የተዋሰ እንዲመልስ

የሴንሰሩ ድራይቨር ልኬቱን ጨርሶ የፖርት ኤን ክሎክ ዘጋ እንበል። ወዲያው የሞደሙ ድራይቨር ማብሪያውን ለመጫን በዚያው ፖርት ላይ ይጽፋል። ክሎክ በሌለው ሬጅስተር ላይ የተጻፈ ነገር በዚህ ቺፕ ላይ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ሲነበብም መልሱ ዜሮ ነው። ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ የስህተት መልእክትም አይመጣም። ሞደሙ ብቻ አይበራም። የሞደሙ ኮድ ብቻውን ሲፈተሽ ትክክል ነው፤ የሴንሰሩም እንዲሁ። ስህተቱ ያለው በሁለቱ መካከል ስለሆነ አንዱን ፋይል ብቻ የሚያነብ ሰው አያገኘውም።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ የክሎክ ቢት አንድ መቁጠሪያ ማስቀመጥ ነው። ክሎክ የሚፈልግ ድራይቨር የአርሲሲን ቢት በቀጥታ አይነካም፤ «ክፈት» የሚለውን የጋራ ፈንክሽን ይጠራል። ፈንክሽኑ መቁጠሪያው ዜሮ ከሆነ ቢቱን ያበራል፣ ከዚያ መቁጠሪያውን በአንድ ይጨምራል። «ዝጋ» ሲጠራ መቁጠሪያው በአንድ ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲደርስ ብቻ ቢቱ ይጠፋል። መቁጠሪያው ከዜሮ በታች ሊወርድ ሲል በሙከራ ጊዜ ፕሮግራሙ ወዲያው እንዲቆም ይደረጋል፤ አንዱ ያልተዋሰውን እየመለሰ ነው ማለት ነውና።

መቁጠሪያውን ማየትና ቢቱን መቀየር አንድ የማይቆራረጥ ተግባር መሆን አለበት። ፕሮግራሙ የአርሲሲን ሬጅስተር አንብቦ አንድ ቢት ቀይሮ መልሶ ሊጽፍ ሲል ኢንተራፕት መጥቶ በዚያው ሬጅስተር ላይ ሌላ ቢት ቢያበራ፣ ወደ ሥራው የተመለሰው ፕሮግራም የያዘውን አሮጌ ዋጋ ይጽፍበትና የኢንተራፕቱን ሥራ ያጠፋዋል። ስለዚህ በነዚያ ጥቂት መስመሮች ዙሪያ ኢንተራፕት ይዘጋል። የዚህ ቺፕ ፕሮሰሰር ኮርቴክስ ኤም3 አንድን ቢት ለብቻው መጻፍ የሚያስችል ቢት ባንድ የሚባል የአድራሻ ክልል ስላለው ሬጅስተሩን በእርሱ መጠበቅ ይቻላል፤ ሆኖም መቁጠሪያው በዚህ አይጠበቅም፣ ኮዱ ወደ ኤም0 ወይም ኤም7 ሲዛወርም ክልሉ የለም። ኢንተራፕት መዝጋቱ የተሻለ ነው።

ከተከፈተ በኋላ ክሎኩ ክፍሉ ዘንድ እስኪደርስ ጥቂት ዑደት ይፈጃል። በአንዳንድ የዚህ ቤተሰብ ቺፖች ላይ ቢቱ በበራ ማግስት የተጻፈው የመጀመሪያ ትእዛዝ ይጠፋል፤ አምራቹም በእርማት ሰነዶቹ ይህን ይጠቅሳል። ያንኑ የአርሲሲ ሬጅስተር መልሶ ማንበብ በቂ ጊዜ ይሰጣል። ንባቡ «ክፈት» በሚለው ፈንክሽን ውስጥ ይግባ፤ ለየድራይቨሩ ከተተወ አንዱ መርሳቱ አይቀርም።

መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ የሚለውን የሚወስነው ድራይቨሩ እንጂ ከላይ ያለው ፕሮግራም መሆን የለበትም። ለማይክሮኮንትሮለር በተሠሩ ትንንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ውስጥ ለዚህ ግልጽ ልማድ አለ። ራየት በተባለው ሲስተም የአይቱሲና የኤስፒአይ ድራይቨሮች «መያዝ» እና «መልቀቅ» የሚሉ ሁለት ፈንክሽኖች አሏቸው። ሲያዝ ባሱ ለሌላ ተጠቃሚ ይቆለፋል፣ ክሎኩም ይከፈታል። ሲለቀቅ ክሎኩ ይዘጋል፣ ቁልፉም ይፈታል። ዜፈር ደግሞ ይህንኑ በመሣሪያ ደረጃ ይቆጥራል። ሙቀቱን የሚጠይቅ ፕሮግራም ስለ ክሎክ አንድም ቃል ሳያውቅ ቁጠባው ይደረግለታል።

ክሎክ ሳይዘጋ የሚቀርበት ዋናው መንገድ የስህተት መውጫ ነው። የሙቀት ሴንሰሩ ሽቦ ቢላቀቅ የአይቱሲ ጥያቄ መልስ አያገኝም፤ ፈንክሽኑም የስህተት ቁጥር ይዞ ከመሃል ይወጣል። «ልቀቅ» የሚለው ጥሪ ያለው ፈንክሽኑ መጨረሻ ላይ ብቻ ከሆነ ሳይጠራ ይታለፋል፤ መቁጠሪያው ከዚያ በኋላ ዜሮ አይደርስም። የተላቀቀች ሽቦ አንድ ንባብ ማሳጣት ሲገባት ባትሪውን ታደርቃለች። ስለዚህ ፈንክሽኑ የሚወጣው በአንድ በር ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ይጻፋል፤ የስህተቱም የስኬቱም መንገድ በመልቀቂያው በኩል ያልፋል። ሙከራ ሲደረግም የሴንሰሩን ሽቦ ሆን ብሎ ነቅሎ መቁጠሪያውን ማየት ግድ ነው።

ከመዝጋት በፊት መጠበቅ

ክሎክን መክፈት ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው መዝጋቱ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክፍል «ጨረስኩ» የሚልበት የራሱ መንገድ አለው።

ዩአርት ሁለት ምልክቶች አሉት። አንደኛው የመረጃ ሬጅስተሩ ባዶ መሆኑን ይናገራል፤ ያ ማለት የሚቀጥለውን ፊደል መቀበል ይችላል ማለት ብቻ ነው። የመጨረሻው ፊደል ገና በሽቦው ላይ እየወጣ ነው፤ በ9600 ባውድ አንድ ፊደል ለመውጣት 1 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ ይህም በ72 ሜጋ ኸርዝ ከ70 ሺህ በላይ ዑደት ነው። በመጀመሪያው ምልክት ተመርቶ ክሎኩን የሚዘጋ ድራይቨር የመልእክቱን ጭራ ይቆርጣል፤ ሞደሙ የትእዛዙን ማብቂያ ስለማያገኝ ዝም ይላል። መጠበቅ ያለበት ሁለተኛው ምልክት፣ ማስተላለፍ መጠናቀቁን የሚናገረው ነው። በመቀበል በኩል ደግሞ ክሎክ የሌለው ዩአርት ደንቆሮ ነው። የአልትራሳውንድ ሴንሰሩ ውጤቱን በራሱ ጊዜ የሚልክ ዓይነት ከሆነ፣ ማዳመጫው ጊዜ እስኪያልቅ የመጀመሪያው ዩአርት ክፍት መቆየት አለበት።

ኤዲሲ ሌላ ጠባይ አለው። ክሎኩ ቢዘጋም የአናሎግ ክፍሉ እንደበራ ይቀራል፣ ከረንትም መሳቡን ይቀጥላል። መጀመሪያ የራሱ ማብሪያ ቢት ይጠፋል፣ ከዚያ ክሎኩ ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማጥፊያው ትእዛዝ ክሎክ የሌለው ሬጅስተር ላይ ስለሚጻፍ አይሰማም። ሲመለስም እንዲሁ፦ ክሎኩ ይከፈታል፣ ኤዲሲው ይበራል፣ እስኪረጋጋ ቢያንስ 1 ማይክሮ ሰከንድ ይጠበቃል፣ ካሊብሬሽን ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የባትሪው ንባብ የሚታመነው።

አይቱሲ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለቱ ሽቦዎቹ በሬዚስተር ወደ ላይ የተሳቡ ናቸው። ንግግሩ መሃል ላይ እያለ ክሎኩ ከተዘጋ፣ ሴንሰሩ የመረጃ ሽቦውን ወደ ታች እንደያዘ ሊቀር ይችላል። ሬዚስተሩ 4.7 ኪሎ ኦም ሆኖ ቮልቴጁ 3.3 ከሆነ በዚያ ሽቦ ብቻ 0.7 ሚሊ አምፔር ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ቺፑ በጥልቅ እንቅልፍ የሚስበው 14 ማይክሮ አምፔር ገደማ መሆኑ ሲታሰብ፣ ያላግባብ የተዘጋች አንዲት ክሎክ የእንቅልፉን ፍጆታ 50 ጊዜ ታበዛዋለች። ስለዚህ የማቆሚያው ምልክት በሽቦው ላይ መውጣቱና ባሱ ነፃ መሆኑ ሳይረጋገጥ አይዘጋም። ሽቦው ተይዞ ከተገኘ ፒኖቹ ለጊዜው ተራ ጂፒአይኦ ተደርገው በክሎክ ሽቦው ላይ እስከ 9 ምት ይሰጣል፤ ሴንሰሩ የጀመረውን ባይት ጨርሶ ሽቦውን ይለቃል።

የሰዓት ቆጣሪው አርቲሲ ጠባይ ለብቻው መታወቅ አለበት። ቆጣሪው የሚነዳው በ32.768 ኪሎ ኸርዝ ክሪስታል ስለሆነ የባሱ ክሎክ ቢዘጋም መቁጠሩን አያቆምም። ክሎክ የሚያስፈልገው ማንቂያውን ለመሙላት ብቻ ነው፤ ለዚያ የኃይል መቆጣጠሪያውና የባክአፕ ክፍሉ ክሎኮች ለአፍታ ተከፍተው የጽሑፍ ፈቃድ ይሰጣል። የተጻፈው ነገር ወደ ዝግተኛው ክፍል እስኪሻገር የሚጠበቅ ምልክት አለ፤ ሳይጠበቅ ከተዘጋ ማንቂያው አይያዝም። ማንቂያ ያልሞላ መለኪያ ተኝቶ ይቀራል፤ የሚያነቃውም የሚመጣ ሰው ብቻ ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። ከእንቅልፍ በኋላ ሰዓቱ ሲነበብም ሬጅስተሮቹ እስኪመሳሰሉ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ አለዚያ የድሮው ሰዓት ይነበባል።

ሞደሙን በተመለከተ ክሎክ መዝጋት ብቻውን የሚያተርፈው ትንሽ ነው። ሞደም መልእክት ሲልክ ለአፍታ እስከ 2 አምፔር ሊስብ ስለሚችል ኃይሉ ራሱ በማብሪያ ትራንዚስተር መቋረጥ አለበት። ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ግን የሁለተኛው ዩአርት መላኪያ ፒን በ3.3 ቮልት ላይ ከቀረ፣ ከረንቱ በዚያ ፒን በኩል ወደጠፋው ሞደም ይገባል። ፒኖች ክሎካቸው ሲዘጋ የነበሩበትን ሁኔታ ይዘው ስለሚቆዩ፣ የፖርቱ ክሎክ ከመዘጋቱ በፊት ፒኑ ወደ አናሎግ መግቢያ ይቀየራል። ያልተገናኙ ፒኖችም ሁሉ እንዲሁ ይደረጋሉ።

ፍጥነቱ ሲለወጥ

ዩአርት ባውዱን የሚያሰላው የባሱን ክሎክ በማካፈል ነው። ባሱ 72 ሜጋ ኸርዝ እያለ ለ9600 የተሞላ ማካፈያ፣ ባሱ ወደ 8 ሜጋ ኸርዝ ሲወርድ 1067 ባውድ ገደማ ይሰጣል። ይህ በተግባር የሚመጣው ቺፑ ከጥልቅ እንቅልፍ ሲነቃ ነው፦ ኤስቲኤም32ኤፍ103 ሲነቃ ሁልጊዜ በውስጣዊው የ8 ሜጋ ኸርዝ ክሎክ ላይ ነው፣ ቀድሞ 72 ላይ ቢሆንም። ስለዚህ «ክፈት» ሲባል ድራይቨሩ የባሱን ወቅታዊ ፍጥነት ጠይቆ ማካፈያውን እንደገና ያሰላል። ለአይቱሲና ለታይመርም ይኸው ነው። በታይመር ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ የኤፒቢ ክሎክ በማካፈያ ከተቀነሰ ታይመሮቹ የሚያገኙት የባሱን እጥፍ ነው።

ለሐይቁ መለኪያ ወደ 72 ሜጋ ኸርዝ መመለስ ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። ቶሎ ሠርቶ ቶሎ መተኛት የሚያዋጣው ፕሮሰሰሩ የሚያሰላው ብዙ ሲሆን ነው። እዚህ ግን ጊዜውን የሚወስነው ሴንሰሩ ነው፤ የድምፁን ማሚቶ መጠበቁና በ9600 ባውድ ጥቂት ፊደላት መቀበሉ በ8 ሜጋ ኸርዝም ያው ነው። በመጠበቂያው ጊዜ ፕሮሰሰሩ በዙር ከመፈተሽ ይልቅ ኢንተራፕት እየጠበቀ ይተኛል። ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ስለሚሞገድ ጥቂት ንባቦች ተወስደው መካከለኛው ይያዛል፤ ይህም ከማሰብ ይልቅ መጠበቅን ያበዛል።

ጥልቅ እንቅልፍና የባትሪው ሒሳብ

ስቶፕ በሚባለው እንቅልፍ የባሶቹ ክሎክ ሁሉ ይቆማል፤ በሚሞሪ ያለው ግን ይጠበቃል። አርቲሲው በማንቂያው ያነቃዋል። ችግሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ ሲያጣ በራሱ ወደዚህ እንቅልፍ ሊገባ መቻሉ ነው፤ ያኔ ሴንሰሩን እያዳመጠ ያለው ዩአርት ይደነቁራል። ስለዚህ ከክሎክ መቁጠሪያው ጎን ሌላ መቁጠሪያ ይቀመጣል፦ «ከዚህ ጥልቀት በላይ አትተኛ» የሚል። ማዳመጥ የጀመረ ድራይቨር ይጨምረዋል፣ ሲጨርስ ይቀንሰዋል። ራየት ለእያንዳንዱ የእንቅልፍ ደረጃ እንዲህ ያለ መቁጠሪያ አለው። ሲስተሙ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ የሚመታ የራሱ ታይመር ካለው ደግሞ ሥራ በሌለ ጊዜ እንዲቆም መደረግ አለበት፤ ያለዚያ እንቅልፉ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ይቋረጣል።

ሒሳቡን ማየት የቱን ማስቀደም እንደሚሻል ያሳያል። 2600 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ 18650 ባትሪ ቢወሰድና የቺፑ ፍጆታ ብቻ ቢታሰብ፣ ክሎኮቹ ሁሉ ክፍት ሆነው ፕሮሰሰሩ ብቻ ቢተኛ ባትሪው ከ180 ሰዓት፣ ማለትም ከሰባት ቀን ተኩል አያልፍም። ክሎኮቹ ከተዘጉ ወደ 20 ቀን ይጠጋል። ስቶፕ ተጨምሮ ቺፑ በየ10 ደቂቃው ለ2 ሰከንድ ብቻ በ27 ሚሊ አምፔር ቢነቃ አማካዩ 0.104 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ ይህ 1040 ቀን ገደማ ነው። በነዚያ 2 ሰከንዶች ክሎኮቹ ሁሉ ክፍት ከተተዉና 36 ሚሊ አምፔር ከሄደ 800 ቀን ገደማ ይሆናል። ከ230 ቀን በላይ የሚበላው ሥራ በሌላቸው ክፍሎች ነው።

ሐይቁ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለዋወጥ ወንዝ ስላልሆነ ንባቡን ወደ 30 ደቂቃ ማራራቅ ይቻላል። ያኔ የመንቂያው ድርሻ ወደ 0.03 ሚሊ አምፔር ይወርድና የእንቅልፉ 14 ማይክሮ አምፔር ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናል። እዚህ ነጥብ ላይ ሲደረስ በክሎክ የሚገኘው ትርፍ ይሳሳል፤ ትኩረቱ ወደ ሬጉሌተሩ፣ ወደ ፒኖች መፍሰስና ወደ ሞደሙ የመላኪያ ብዛት ይዞራል።

ሊነክስ ባለበት ሰሌዳ

ከመለኪያዎቹ መረጃ የሚሰበስበው ሰሌዳ ሊነክስ የጫነ ከሆነ መቁጠሪያው ተሠርቶ ይጠብቃል። እዚያ ክሎክ መክፈት በሁለት ይከፈላል፦ ማዘጋጀትና ማብራት። ማዘጋጀቱ ፍጥነት ማባዣው እስኪረጋጋ ሊጠብቅ ስለሚችል ከኢንተራፕት ውስጥ አይጠራም፤ ማብራቱ ግን ይጠራል። ድራይቨሩ ክሎኩን በየጊዜው በእጁ ከመክፈት ይልቅ በሥራ ላይ የኃይል አስተዳደር የሚባለውን ሥርዓት ይጠቀማል፤ መሣሪያው ሥራ ሲፈታ ክሎኩ ከተወሰነ የመዘግያ ጊዜ በኋላ በራሱ ይዘጋል። ለማንቃት የሚጠራው አሮጌው ፈንክሽን ቢሳሳትም መቁጠሪያውን ጨምሮ ስለሚተው፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ፣ ከ5.10 ስሪት ወዲህ፣ ስህተት ሲኖር መቁጠሪያውን ራሱ የሚመልስ ፈንክሽን አለ፤ ለአዲስ ኮድ እርሱ ይመረጣል።

ከርነሉ መነሳቱን ሲጨርስ ማንም ያልጠየቃቸውን ክሎኮች ይዘጋል። ቡትሎደሩ ከፍቶ በተወው ክሎክ ሲሠራ የነበረ ድራይቨር በዚያች ቅጽበት ይሞታል። ይህን መዝጊያ የሚያግድ የማስነሻ ምርጫ አለ፤ ለምርመራ ይጠቅማል፣ እንደ መፍትሔ ግን መተው የለበትም። በዲባግ ማውጫው ውስጥ ያለው የክሎኮች ማጠቃለያ ፋይል እያንዳንዱን ክሎክ ከመቁጠሪያውና ከፍጥነቱ ጋር ይዘረዝራል፤ ሥራ ሳይኖር ከዜሮ በላይ የቆየ ቁጥር ያልተመለሰ ውሰት ነው።

መለካት

የመጨረሻው ደረጃ ሰነዱ የሚለውን ከሽቦው ላይ ማረጋገጥ ነው። ዲባገሩ ይነቀላል፤ ተሰክቶ እያለ በእንቅልፍም ክሎክ እንዲቀጥል ሊያዝ ስለሚችል የሚነበበው ቁጥር ውሸት ነው። ቺፑ ሲነቃ ያለውን ፍጆታ ለማየት ከባትሪው መስመር ጋር 1 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ገብቶ በኦሲሎስኮፕ ይታያል፤ 27 ሚሊ አምፔር 27 ሚሊ ቮልት ሆኖ ይነበባል። ክሎክ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር መስመሩ ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ ሲል መታየት አለበት። የማይወርድ ደረጃ ካለ ካርታው ላይ ተመልሶ ባለቤቱ ይፈለጋል።

ለእንቅልፉ 1 ኦም አይበቃም። 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ገብቶ 14 ማይክሮ አምፔር 14 ሚሊ ቮልት ሆኖ በተራ ቴስተር ይነበባል። ቺፑ በሚነቃበት ጊዜ ግን ያው ሬዚስተር ቮልቴጁን ይበላውና ቺፑን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ በሬዚስተሩ ጎን ለጎን ማብሪያ ማጥፊያ ይገባል፣ ቺፑ ከተኛ በኋላ ብቻም ይከፈታል። የቴስተሩን የማይክሮ አምፔር መለኪያ በቀጥታ መጠቀምም ይኸው ችግር አለበት።

ብሉ ፒል ሰሌዳ ላይ ከሆነ ቁጥሩ ከተጠበቀው እጅግ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ የሚበራ የኃይል ማሳያ መብራት አለ፣ ሬጉሌተሩም ሥራ ባይኖርም ይስባል። መብራቱ ይነቀላል፣ ሬጉሌተሩም እረፍት ላይ ጥቂት ማይክሮ አምፔር ብቻ በሚስብ ዓይነት ይተካል። ከዚያ የሙቀት ሴንሰሩ ሽቦ ተነቅሎ፣ የአልትራሳውንድ ሴንሰሩ ጠፍቶ፣ ሞደሙም ኔትወርክ እንዳያገኝ አንቴናው ወጥቶ፣ አንድ በአንድ ልኬቱ ይደገማል። በሦስቱም ብልሽት የእንቅልፉ ፍጆታ ከብልሽቱ በፊት ወደነበረው ቁጥር ከተመለሰ መለኪያው ወደ ሐይቁ ዳርቻ ሊሄድ ይችላል።